ደብረ ብርሃን ላይ ለእግር ደም ስር መጥበብ የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒ፦ ከኦፕራሲዮን በፊትም በኋላም እንዳየነው

ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምትከፍሉት ለመራመድ ነው። አዎ ለመራመድ። አባቴ መጀመሪያ ሲነገረው "ለመሄድማ ማን ገንዘብ ይከፍላል፣ እኔ እኮ ከደብረ ሲና ጣርማ በር በእግሬ ስወጣ ስወርድ ያደግኩ ሰው ነኝ" ብሎ ሳቀባቸው። አሁን ግን እሱ ራሱ ነው የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሂዱ እያለ የሚልከው፣ ጉልበቱን ያመመውንም ወገቡን ያመመውንም ሳይለይ። ስለዚህ የሱን ትታችሁ የኔን ስሙ፣ እኔ ጥሩውንም መጥፎውንም ነው የምጽፈው። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፣ ብጠራው ማስታወቂያ ይመስላል፣ ደግሞ የምወቅሳቸው ነገርም አለ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለ የግል ፊዚዮቴራፒ ነው፣ ይሄ ይበቃል።

በሽታው ምንድነው ለምትሉ፣ ወደ እግር ደም የሚወስደው ቧንቧ በስብ ምናምን እየጠበበ ይሄዳል፣ ቁጭ ስትሉ ምንም የለም፣ ስትሄዱ ግን ባታችሁን ጨምድዶ ይይዛችኋል፣ ስትቆሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፣ ስትነሱ እንደገና። አባቴ ዕድሜውን በደሴ መስመር የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ኒያላ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ፣ ኋላ ላይ ደሞ ስኳር የተገኘበት ሰው ነው። ከቤት ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ በየሱቁ በር እየቆመ ሰላምታ ያበዛ ጀመር፣ እኛ ጡረታ ሲወጣ ወሬ ወዳድ ሆነ ብለን ስንስቅበት ለካ እግሩን እያሳረፈ ነው። ሪህ ነው ተባለ፣ ነርቭ ነው ተባለ፣ ቫይታሚን ተወጋ፣ ሸንኮራ ዮሐንስም ሄዶ ተጠመቀ (በጠበሉ ምንም አልልም፣ እዛ ያገኘው አንድ ጡረተኛ ነርስ ነው "አባባ ይሄ የደም ስር ነው፣ ይለኩ" ብሎ የላከው፣ እንግዲህ እንደፈለጋችሁ ቁጠሩት)።

እና ወደ ክሊኒኩ ልምጣ። መጀመሪያ ያስደሰተኝ ነገር ዝም ብለው ማሽን ላይ አለማውጣታቸው ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ወጣት ልጅ ናት፣ አስተኝታ የሁለቱን ክንድ ግፊት ለካች፣ ከዛ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ዶፕለር የምትባለውን ሹሽ ሹሽ የምትል ትንሽ ማሽን አድርጋ የእግሩን ለካች። የእግሩን ግፊት ለክንዱ ግፊት ያካፍሉታል፣ የሚመጣው ቁጥር ከ0.9 በታች ከሆነ የእግር ደም ስር ጠቧል ማለት ነው። የአባቴ ቀኝ እግር 0.6 አካባቢ ነበር። ስኳር የቆየባቸው ሰዎች ላይ ግን ደም ስሩ ስለሚደድር ቁጥሩ ከ1.4 በላይ ወጥቶ ደህና የሆነ ሊመስል ይችላል፣ ያኔ የእግር ጣት ግፊት ነው መለካት ያለበት፣ ይሄን እሷ ናት የነገረችን። ስኳር ያለበት ዘመድ ካላችሁ እና "ተለክቶ ደህና ነው ተባለ" ካላችሁ ቁጥሩ ስንት እንደነበር ጠይቁ።

ህክምናው እንዲህ ነው። ትሬድሚል ላይ ይወጣል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 3 ኪሎሜትር ከምናምን፣ ማለትም የሰርግ ሰልፍ እርምጃ። ባቱ መያዝ ሲጀምር ከ1 እስከ 5 ቁጥር እንዲናገር ይጠየቃል። 1 ላይ አያቆሙትም፣ 2 ላይም አያቆሙትም። 3 ወይም 4 ሲደርስ ወርዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ህመሙ ጨርሶ እስኪለቅ ይጠብቃሉ፣ ከዛ እንደገና ይወጣል። እንዲህ እየተባለ እረፍቱን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ለ12 ሳምንት። ሳይታመም ረጅም መሄድ ሲጀምር ማሽኑን ትንሽ ዳገት ያደርጉታል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ጋ ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን ህመሙ ሲጀምር ይቀመጣል፣ ማንም ይቀመጣል፣ አባቴም ያደርግ የነበረው እሱን ነው፣ እና ምንም ለውጥ አልነበረም። ሌላው ደሞ እልህ ይዞት እስኪያነክስ ይሄድና በነጋታው አልጋ ላይ ይውላል። እዛ ግን ልጅቷ አጠገቡ ቆማ "አባባ ስንት ደረሰ?" ትላለች፣ "አራት!" ይላታል ገና በሁለተኛው ደቂቃ፣ ፊቱን አይታ "አይ አባባ፣ ይሄ ሁለት ነው፣ ትንሽ ይጨምሩ" ትለዋለች። "አንቺ ልጅ ልትገይኝ ነው እንዴ!" ይላል፣ እሷም "ሰኞ ከዚህ በላይ ነው የሄዱት፣ ተጽፏል" ብላ መዝገቡን ታሳየዋለች። ሾፌር ስለሆነ ኪሎሜትር ሲያሳዩት ይረታል። ምትከፍሉት ለዚህ ነው፣ ለማሽኑ አይደለም፣ ማሽኑማ ጂም ቤትም አለ።

እኔ ብዙ ያስጨነቀኝ "የተዘጋውን ቧንቧ ይከፍተዋል ወይ" የሚለው ነበርና ጠየቅኳት። አይከፍተውም አለች ቁርጥ አድርጋ፣ እና ይሄን እውነት ስለነገረችን ነው ያመንኳት። የሚሆነው የባቱ ጡንቻ ባለው ትንሽ ደም ብዙ መስራት ይለምዳል፣ የደም ስሩ የውስጥ ግድግዳ ሲፈለግ መስፋት ይሻለዋል፣ ትናንሽ ተጓዳኝ ደም ስሮችም ያግዛሉ፣ አረማመዱም ይስተካከልና ጉልበት አያባክንም። ስለዚህ ያን የግፊት ቁጥር ደግመው ቢለኩት ብዙም አልተለወጠም ነበር፣ የሚሄደው ርቀት ግን ተለውጧል፣ ሰላምታውን ቀንሶ ገበያ መድረስ ጀመረ። ቁጥሩ አልጨመረም ብላችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳታቋርጡ ለማለት ነው።

ቤት ገብቼ ሳነብ ነገሩ ውጭ አገር ብዙ የተጠና ሆኖ አገኘሁት። ክሌቨር የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከሆድ ወደ እግር የሚወርደው ቧንቧ የጠበበባቸውን ሰዎች ወስዶ ከ6 ወር በኋላ ሲያይ፣ በባለሙያ ክትትል ሲራመዱ የቆዩት ስቴንት (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ከተደረገላቸው ይልቅ ማሽኑ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ሄደዋል። ስቴንት የተደረገላቸው በበኩላቸው ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ የተሻለ ስሜት ነው የተናገሩት፣ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ጣለው አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደሞ የሆላንድ ጥናት ቧንቧውን በባሉን (ውስጡ ገብቶ በሚነፋ ፊኛ) ወይ በስቴንት ከፍቶ እንቅስቃሴውንም ማድረግ፣ እንቅስቃሴ ብቻ ከማድረግ እንደሚሻል አሳየ። አሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የመንግስት መድህን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በ12 ሳምንት እስከ 36 ጊዜ ይከፍላል። የኛ የጤና መድህን ደብተር ግን እዚህ ክሊኒክ አይሰራም፣ ከኪስ ነው። አንዱን ጊዜ ብቻውን ካያችሁት አይከብድም፣ በሳምንት ሶስቴ ለሶስት ወር ሲሆን ግን ከትራንስፖርቱ ጋር ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚነጋገርበት ገንዘብ ነው።

ከመራመዱ ሌላ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ተነስቶ መቀመጥ፣ በእግር ጣት መቆም፣ የትንፋሽ ልምምድ ያሰሩታል። ሲጋራውን ደሞ በየቀኑ ትጨቀጭቀው ነበር፣ "እኔ እዚህ የማመጣውን ሲጋራው እቤት ይመልሰዋል" እያለች። አቆመ። እናቴ ስንት ዓመት ለምና ያልሆነላትን ይቺ ልጅ አስቆመችው፣ እናቴ እስካሁን ትንሽ ቅር ብሏታል። መድሃኒቱንም፣ አስፕሪኑንና የኮሌስትሮሉን ክኒን፣ "አሁን እየሄድኩ ነው ልተወው?" ሲላት በፍጹም ብላዋለች።

ጾም ላይ ያደረጉትንም ልጥቀስ። አባቴ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾመው፣ የስኳር ክኒን ግን ይወስዳል፣ ባዶ ሆዱን ማሽን ላይ ቢወጣ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ሁሌ ከመጀመራቸው በፊት ጣቱን ወግተው ስኳሩን ያያሉ፣ ዝቅ ካለ አያስኬዱትም። አንድ ሁለቴ መልሰውት ተናዶ ነበር፣ በመጨረሻ ከንስሐ አባቱ ጋ ተነጋግሮ የህክምናው ቀን ጠዋት መብላት ጀመረ። እንዲህ የሰውየውን ኑሮ አይቶ የሚያክም ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደ ኦፕራሲዮኑ። ፕሮግራሙን ሊጨርስ ሲል ጫማ የላጠው የእግር ጣቱ ቁስል ሆኖ አልድን አለ። ልጅቷ ካልሲውን አስወልቃ (ሁሌ ታስወልቃለች፣ ይሄም ጥሩ ነው) ቁስሉን እንዳየች "ዛሬ አንሄድም፣ ይሄ የኔ ስራ አይደለም" ብላ እዛው ደብዳቤ ጽፋ ለደም ስር ቀዶ ጥገና ሀኪም ላከችን። ክፍያም አልተቀበለችም። ገበያዋን ለመጠበቅ ብላ አንድ ወር ልታመላልሰን ትችል ነበር እኮ። እናንተም ይሄን ያዙ፦ ስትሄዱ ብቻ የሚያም ከሆነ መራመድ መድሃኒት ነው፣ ሌሊት ተኝታችሁ ጣታችሁን የሚያቃጥላችሁ እና እግራችሁን ከአልጋ አውርዳችሁ ካንጠለጠላችሁት ብቻ የሚሻላችሁ ከሆነ፣ ወይም የማይድን ቁስል ካለ ግን በእንቅስቃሴ ጊዜ አይባክንም፣ ቀጥታ ወደ ሀኪም ነው። እግር ድንገት ቀዝቅዞ ነጥቶ ከደነዘዘ ደሞ ቀጠሮ ምናምን የለም፣ የሰዓታት ጉዳይ ነው፣ በዛው ሌሊት መኪና ፈልጉ።

አዲስ አበባ ሄዶ ባይፓስ ተሰራለት፣ ከራሱ እግር ደም መላሹን አውጥተው ከብሽሽት እስከ ጉልበት በታች አዲስ መንገድ ቀጠሉለት። ሆስፒታሉን አልጠራም፣ ቀዶ ጥገናው ጥሩ ነበር እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ሲያስወጡን ስለ መራመድ አንድ ቃል አልነገሩንም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የመድሃኒት ስምና የቀጠሮ ቀን ብቻ ነው። እዛው ዋርድ በማግስቱ ተነስቶ ለመቆም የሞከረው ክሊኒኩ ቀድሞ ስላስተማረው ነው፣ የትንፋሽ ልምምዱንም ማንም ሳያዘው ይሰራ ነበር፣ አጠገቡ የነበሩት ሰዎች አክታው አስቸግሯቸው ሲያስሉ እሱ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ያዳምጣል። ከኦፕራሲዮን በፊት የሚሰራው ስራ ከንቱ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፣ ቢላዋውን ባያስቀርለትም።

ቤት ሲመጣ ዘመድ ሁሉ "ተኛ፣ እረፍ፣ እንዳይበጠስ" ነው የሚለው። ጠያቂ ዳቦና ስኳር ይዞ ይመጣል (ለስኳር በሽተኛ ስኳር፣ ይሁን)። እሱም ከጠያቂ ጋር ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ ወንበር ላይ ይውላል፣ ማታ እግሩ እንደ ዱባ ያብጣል። ደንግጠን ክሊኒኩ ደወልን። ከባይፓስ በኋላ እብጠት የተለመደ ነው፣ ሳምንታትም ወራትም ሊቆይ ይችላል፣ ሲቀመጥ እግሩን ከፍ አድርጉለት፣ አጥፎ ብዙ አይቀመጥ፣ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅስ፣ ቶሎ ቶሎ ተነስቶ ትንሽ ትንሽ ይሂድ አሉን። እግር የሚጨምቅ ፋሻ ግን ያለ ሰርጂኑ ፈቃድ እንዳትጠመጥሙ። ባቱ ብቻውን ቀልቶ ቢጠነክርና ቢያመው፣ ቁስሉ ፈሳሽ ቢያመጣ፣ ወይ እግሩ ቢቀዘቅዝ ወዲያው አምጡት ተባለ።

ቁስሉ ከደረቀ እና ሰርጂኑ ከፈቀደ በኋላ ተመልሶ ገባ። እዚህ ላይ ነው ክሊኒኩን ትንሽ የምወቅሰው። የመጀመሪያው ቀን ዋናዋ ልጅ አልነበረችም፣ ረዳቱ ልጅ የሆስፒታሉን ወረቀት እንኳ ሳያይ ወገብ እንደሚያመው ሰው አስተኝቶ ባቱ ላይ ሙቅ ከረጢት ሊያደርግ ሲል ነው እኔ የጮህኩት። ደም በደንብ የማይደርሰው፣ ስኳር ስሜቱን የቀነሰው እግር ላይ ሙቀት ማለት ሳይሰማው መቃጠል ማለት ነው፣ ይሄን ደሞ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው! ልጅቷ በነጋታው ይቅርታ ጠይቃለች፣ ግን የአንድ ሰው ጥሩነት ላይ የቆመ ክሊኒክ እሷ ባልመጣች ቀን ምን ይሆናል የሚለው አሁንም ይከነክነኛል። በነገራችን ላይ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ እና ሰው ሁሉ ማታ እግሩን ምድጃ ጋ ወይ ከሰል ጋ ዘርግቶ ነው የሚያመሸው። እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ይሄን ይተው፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲና የመንዝ ባና ይበቃዋል።

ዋናዋ ስትይዘው ግን ስራው ሌላ ነው። ጠባሳው ስለሚወጥረው ጉልበቱን አጥፎ መሄድ ለምዶ ነበር፣ መጀመሪያ ጉልበቱን ማቅናት ላይ ሰራችበት፣ ከዛ ጭኑን ማጠንከር፣ ከዛ ቀስ ብሎ ትሬድሚል። የሚገርመው አሁን ባቱ አይዘውም፣ ቀድሞ የሚደክመው ትንፋሹና ጭኑ ነው፣ ስለዚህ የህመሙ ቁጥር ቀርቶ በድካም ነው የሚለኩት፣ እያወራ መሄድ እስከቻለ ይሄዳል። ግራ እግሩ ግን እሱም ጠባብ ስለሆነ አንዳንዴ "ይሄኛው ቀና" ይላል። በሽታው ያለው በአንድ ቧንቧ ብቻ አይደለም፣ ልብም አንጎልም ጋ ያለው ደም ስር ያው ነው፣ ለዛ ነው ከኦፕራሲዮን በኋላም መራመዱና መድሃኒቱ የማይቆመው። ባይፓሱም ራሱ በተለይ መጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ዓመታት ሊጠብ ስለሚችል በአልትራሳውንድ መታየት አለበት፣ አዲስ አበባ ቀጠሮውን እንዳንረሳ እሷ ናት ምታስታውሰን።

ሌሎች ቅሬታዎቼ። አንደኛ ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። እግር ለማይሄድ ሰው! አባቴ መጀመሪያ ሰሞን ደረጃው ላይ ሁለቴ እያረፈ ነበር የሚወጣው፣ ሲደርስ ሞቆት ነው ሚደርሰው። ሁለተኛ መብራት ሲጠፋ ትሬድሚሉ ይቆማል፣ ጄኔሬተር የላቸውም፣ ያኔ ኮሪደር ላይ ያመላልሱታል፣ ይሰራል ግን ገንዘቡ ያው ነው። ሶስተኛ የቤት መልመጃ ወረቀታቸው በእንግሊዝኛ ነው፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ቁጭ ብዬ በአማርኛ ገለበጥኩለት፣ አንድ ኮፒ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ሲያድሉት እስካሁን አላየሁም።

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር በሳምንት ሶስቴ መመላለስ ለማይችል ሰው የቤት ፕሮግራም ይሰጣሉ፣ ጠይቋቸው፣ ካልጠየቃችሁ ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ሜዳ ቦታ ትመርጣላችሁ፣ የመብራት ምሰሶ እየቆጠራችሁ ህመሙ 3 ወይ 4 እስኪሆን ትሄዳላችሁ፣ አርፋችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ስንት ምሰሶ እንደሄዳችሁ ደብተር ላይ ትጽፋላችሁ፣ በወር አንዴ መጥታችሁ ያዩላችኋል። ክትትል ያለበት እንደሚሻል ጥናቶቹም ይላሉ፣ ግን ደብተር ያለው የቤት ጉዞ ዝም ብሎ "በርታ ሂድ" ከመባል በጣም ይሻላል። ደብረ ሲና ያላችሁ ሜዳ ፍለጋ ትቸገራላችሁ አውቃለሁ፣ ዳገት ላይ ህመሙ ቶሎ ስለሚመጣ ቁልቁሉን በባጃጅ ወርዳችሁ ሽቅብ ለመመለስ አትሞክሩ፣ መጀመሪያ ሽቅቡን ሂዱና ቁልቁሉን ተመለሱ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከኦፕራሲዮን በፊት ላለው ከ5 አራት ተኩል፣ በኋላ ላለው ሶስት ተኩል እሰጣለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለዛ ሙቅ ከረጢት ነው። ልብና ደረት ላይ ህመም ያለባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት የልብ ሀኪም ይያችሁ፣ እነሱም ኢሲጂ (የልብ ምት የሚያሳየውን የምርመራ ወረቀት) አምጡ ይላሉ። ስትሄዱ የተሰጣችሁን ወረቀት ሁሉ፣ የምትወስዱትን ክኒን ከነካርቶኑ፣ ጣት የማይጨብጥ ሰፋ ያለ ጫማ እና ንጹህ ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስኳር ካለባችሁ ከረሜላ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ጠዋት ጠዋት ወረፋ ስላለ ከሰዓት ይሻላል፣ ደውላችሁ ግን ዋናዋ ልጅ መኖሯን አረጋግጡ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ብቻ ናቸው።